የዝናብ ደኑና የእንሰት አገሩ፦ ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሥነ ምህዳርና ስለ ሰው ጫና የቀረበ ዳሰሳ

ከጎጀብ ሸለቆ አንስቶ እስከ ባሮ ተፋሰስ በሚዘልቀው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከፍታ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፍና በዝናብና በጉም የሚኖር ደን አለ። ይህ ደን ለዓለም የአረቢካ ቡናን ያበረከተ፣ የትልልቅ ወንዞች መነሻ የሆነና በአገሪቱ ከቀሩት ደኖች ሁሉ ከፍተኛ ብዝኃ ሕይወት ከያዙት አንዱ ሲሆን፣ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ግን ስፋቱም ውስጣዊ አቋሙም በእጅጉ ተለውጧል። ስለዚሁ ለውጥ የተጻፈው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ጽሑፍ ግን ጉዳዩን የሚመለከተው ከደኑ ዳርቻ ወደ ውስጥ ነው። ይህ ዳሰሳ የደኑን ሥነ ምህዳር፣ ማለትም ሕይወት ያላቸው ነገሮች እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ትስስር፣ ከዚያም የሰውን ጫና ከመረመረ በኋላ፣ የደኑ ዕጣ የሚወሰነው በካፋው ቦንጋና በሸካው ማሻ ብቻ ሳይሆን፣ መሬት በጠበበባቸው በሀዲያው ሆሳዕና፣ በከምባታው ዱራሜና በመሰሎቻቸው የእንሰት አገሮች ጭምር መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

የደኑ ዓይነትና ወሰኑ

ሐሩራማ የዝናብ ደን የሚባለው በምድር ወገብ ዙሪያ፣ ሙቀቱ ከፍተኛ፣ ዝናቡም ረጅም ጊዜ የማይቋረጥ በሆነበት ቆላ የሚበቅል ደን ሲሆን፣ የአማዞንና የኮንጎ ተፋሰሶች ደኖች ዋነኞቹ ምሳሌዎች ናቸው። እንዲህ ያሉት ደኖች ከዓለም የብስ ከአሥር በመቶ በታች የሚሸፍኑ ቢሆኑም፣ በየብስ ላይ ከሚኖሩት የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ እንደሚያስጠልሉ ይገመታል። የኢትዮጵያው ደን ከእነዚህ የሚለየው በከፍታው ነው። ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ቫን ብሩግል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የኢትዮጵያ ዕፅዋት አትላስ የአገሪቱን የተፈጥሮ ዕፅዋት በ12 ዓይነቶች ሲከፍሉ፣ ከእነዚህ ሁለቱ ለዝናብ ደን የሚቀርቡ ናቸው። የመጀመሪያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,600 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ የሚገኘውና በካፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦርና በባሌው ሐረና የሚታየው እርጥበታማው የተራራ ደን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በቴፒ፣ በበበቃና በጎደሬ አካባቢ የሚገኘውና ከኮንጎና ከምዕራብ አፍሪካ የቆላ ደኖች ጋር ዝርያ የሚጋራው መሸጋገሪያ የዝናብ ደን ነው።

በዚህ ቀጠና ያለው ዓመታዊ ዝናብ በብዙ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ በአንዳንድ ስፍራ 2,000 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ከመጠኑ ይልቅ ለደኑ ወሳኙ ግን የዝናቡ ወራት ርዝመት ነው፤ ደረቁ ወቅት አጭር በመሆኑ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ድርቅን መሸሽ አላስፈለጋቸውም።

ደኑ እንዴት ይኖራል

የዝናብ ደን መሠረታዊ ጠባይ በደረጃ በደረጃ የተደራረበ መሆኑ ነው። በካፋና በሸካ ደኖች ከሁሉም በላይ የሚወጣው፣ ቁመቱ ከ30 እስከ 40 ሜትር የሚደርሰው ቀረሮ ሲሆን፣ ከሥሩ እንደ ሰሳ፣ ብሳና፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት ያሉ ዛፎች አናታቸውን አጋጥመው የደኑን ጣሪያ ይሠራሉ፤ ከዚያ በታች ቡናና ሌሎች ጥላ ወዳድ ትንንሽ ዛፎች፣ ከመሬቱ አጠገብ ደግሞ ኮረሪማ፣ ጥምዝና የጫካ እንሰት ይበቅላሉ። ጣሪያውን ከነካው የፀሐይ ብርሃን ወለሉን የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ብቻ በመሆኑ፣ በየደረጃው ያለው ዕፅዋት ለተመጠነለት ብርሃን የተስማማ ነው። የአረቢካ ቡናም በተፈጥሮው የዚሁ የጥላ ዓለም ልጅ ነው። ዝርያው በጥንት ዘመን ሁለት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ መሆኑን፣ ዋናው የዘር ስብጥሩም በእነዚህ ደኖች ውስጥ መሆኑን የዘር ጥናት አረጋግጧል።

በዛፎቹ ቅርንጫፍና ግንድ ላይ፣ ምግባቸውን ከዛፉ ሳይሆን ከዝናብ፣ ከጉምና ከተጠራቀመ ብስባሽ የሚያገኙ ፈርኖች፣ ኦርኪዶችና መሰሎቻቸው ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ገተማ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ፣ ሥሩን ወደ መሬት ሰድዶ በመጨረሻ ራሱን የቻለ ግዙፍ ዛፍ በመሆን ነው፤ የካፋና የሸካ ነጭ ማር የሚገኘውም ከዚሁ ዛፍ አበባ ነው። ስለዚህ ገተማ እንዲኖር አስቀድሞ ያረጀ ዛፍ መኖር አለበት፤ ንቡም፣ ማሩም፣ ማር ቆራጩም የሚመኩት ለመቶ ዓመታት ሳይቆረጥ በቆየ ግንድ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጠባይ የንጥረ ነገር ዑደቱ ነው። የረገፈው ቅጠል በፈንገስ፣ በምስጥና በረቂቅ ነፍሳት ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ ንጥረ ነገሩም ከአፈሩ ላይኛ ክፍል ሳይርቅ በሥር ተመልሶ ይሳባል። በአማዞን ብዙ ቦታ አፈሩ ራሱ ድሃ በመሆኑ ደኑ ሲመነጠር እርሻው በጥቂት ዓመት ይነጥፋል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አፈር ግን ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ፣ ጥልቅና ቀይ በመሆኑ ከምንጠራ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ አርሶ አደሩንም ወደ ደኑ የሚስበው ይህ ለምነት ነው። ይሁን እንጂ ተዳፋቱ የዛፍ ሽፋኑን ካጣ በኋላ ያ ሁሉ ዝናብ አፈሩን ይሸረሽራል፤ ንጥረ ነገሩን ወደ ታች ያሰርጋል፤ የአፈሩም አሲዳማነት እየጨመረ ሄዶ ፎስፈረስን ሰብሉ እንዳያገኘው አድርጎ ይይዛል። በሀዲያና በከምባታ ደጋ ዛሬ ኖራ የሚጠይቀው አሲዳማ መሬት፣ ከረጅም እርሻ በኋላ እርጥብ ደጋ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያሳይ ነው።

ሦስተኛው ጠባይ የደኑ ራሱን የመተካት መንገድ ነው። እንደ ጦጣ ያሉ እንስሳት፣ ፍሬ በል ወፎችና ጥርኝ ዘርን ከእናት ዛፍ ያርቃሉ። ዳንኤል ጃንዘንና ጆሴፍ ኮኔል እ.ኤ.አ. በ1970ና በ1971 ለየብቻ ባቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ መሠረት፣ ከእናት ዛፍ ሥር የወደቀ ዘር በዚያው ዝርያ ላይ በተካኑ ነፍሳትና በሽታዎች ስለሚጠቃ፣ የራቀው ዘር የተሻለ ዕድል ያገኛል፤ በዚህም ምክንያት አንድ ዝርያ ደኑን ብቻውን ሊወርሰው አይችልም። አሮጌ ዛፍ ሲወድቅ የሚከፈተው የብርሃን ቀዳዳ ለዓመታት በጥላ ሲጠባበቁ ለኖሩት ችግኞች ዕድል ይሰጣል። ደመል ተከታይ በኢትዮጵያ ደረቅ የተራራ ደኖች ላይ ባካሄዷቸው ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ከትልልቆቹ ዛፎች አብዛኞቹ በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የዘር ክምችት የላቸውም። ስለዚህ ደን ከተመነጠረ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው በዋነኛነት በአቅራቢያው ዘር የሚሰጥ ዛፍና ዘር የሚያጓጉዝ እንስሳ ሲቀር ነው።

አራተኛው የውኃው ጉዳይ ነው። ጎጀብ፣ ባሮና አኮቦ ከእነዚህ ደኖች ይመነጫሉ፤ ዛፎቹም በቅጠላቸው የሚያተኑት እርጥበት ወደ ከባቢ አየር ይመለሳል። ጎጀብ ወደ ኦሞ ይገባል፤ የሀዲያና የከምባታ ምዕራባዊ ተዳፋትም ውኃውን የሚልከው ወደዚያው ወደ ኦሞ ነው። በመሆኑም የካፋው ደንና የሆሳዕና ምዕራብ ቁልቁለት እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከሁለቱ ወገን የሚታጠበው አፈርም እንደዚሁ።

ስለ ደኑ ታሪክ ያለው ክርክር

በትምህርት ቤት መጻሕፍትና በመንግሥት ሰነዶች ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም የኖረው ትረካ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ እንደነበረና ይህም ወደ 3 በመቶ እንደወረደ የሚናገር ነው። ታሪክ አጥኚው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ቁጥር መነሻ ተከታትለው፣ በልኬት ላይ የተመሠረተ እንዳልሆነና የሰሜኑ ደጋ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የተራቆተ መሆኑን ተከራክረዋል። በሌላ በኩል አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ባቀረበችው የደን መነሻ ልኬት፣ የደን ሽፋኑ 15.5 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህም የሆነው ደን አዲስ ስለበቀለ ሳይሆን፣ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የጥላ ሽፋን ያለው ሁሉ ደን ተብሎ በመቆጠሩ የቆላው ቁጥቋጦና ቀርቀሃም ስለተካተተ ነው። በዚያው ሰነድ ዓመታዊው የደን ጥፋት 92 ሺህ ሄክታር ገደማ ተብሎ ተገምቷል።

የደቡብ ምዕራቡ ታሪክም እንዲሁ ቀጥተኛ አይደለም። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ከተሸነፈ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በእጅጉ ስለተመናመነ፣ ቀድሞ እርሻ የነበረ መሬት ተመልሶ ደን የሆነበት ስፍራ አለ። ስለዚህ ዛሬ ያልተነካ የሚመስለው ደን ከፊሉ ሰው የኖረበትና የለቀቀው ነው። ይህ ማስረጃ ሁለት ትምህርት ይሰጣል፤ ዘር ሰጪ ዛፎች በአቅራቢያው ካሉ ደኑ ማገገም ይችላል፤ ሆኖም ማገገሙ የትውልዶች ሥራ ነው።

የክርክሩ መኖር የጥፋቱን እውነት አያስተባብልም። የአየርና የሳተላይት ምስሎችን ያነጻጸረው የማቲያስ ሮይሲንግ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1997 ባለው ጊዜ የደቡብ ምዕራቡ ጥቅጥቅ ደን ከአካባቢው ስፋት 40 በመቶ ገደማ ወደ 18 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ለዚህ ቀጠና የመቶ ዓመቱ ትረካ አያስፈልግም፤ ጥፋቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የታየና የተለካ ነው።

ጫናው በሁለት መልኩ

የሰው ጫና አንዱ መልክ ምንጠራ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ደኑም የመንግሥት ሆነ፤ ቀድሞ ደኑን በጋራ ሥርዓት ሲጠብቁ የኖሩ ማኅበረሰቦች ሕጋዊ ሥልጣናቸውን ሲያጡ፣ ጠባቂ ነው የተባለው መንግሥት ደግሞ በየጫካው የሚደርስ አቅም አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የበበቃ ቡና፣ የውሽውሽ ሻይና የመሰሎቻቸው ሰፋፊ እርሻዎች በደን ቀጠና ውስጥ ተስፋፉ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የተካሄደው የሰፈራ ዘመቻ 600 ሺህ ገደማ ሰዎችን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያዛውር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ሁለተኛው መርሐ ግብር ደግሞ በሦስት ዓመት 440 ሺህ አባወራዎችን ለማስፈር አቅዶ ነበር።

ሁለተኛው መልክ ከሩቅ አይታይም። ቡና በአራት መንገድ ይመረታል፤ ሰው እምብዛም ሳይነካው የሚለቀም የደን ቡና፣ ቁጥቋጦው እየተመነጠረና የጥላ ዛፉ እየተመረጠ የሚለማ ከፊል የደን ቡና፣ በቤት አጠገብ የሚተከል የጓሮ ቡና እና የተክል ቡና ናቸው። ከፊል የደን ቡና የሚያመርት ገበሬ ምርቱን ለማሳደግ ቡናውን የሚሻሙትን ትንንሽ ዛፎች፣ ሐረጎችና የትልልቅ ዛፎች ችግኞች በየዓመቱ ያጸዳል። ፈይራ ሰንበታና ማንፍሬድ ዴኒሽ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናትና ከእርሱ በኋላ የወጡ ሌሎች እንዳሳዩት፣ ይህ አሠራር የዝርያዎችን ስብጥርና የደኑን አቋም ይለውጣል፤ ተተኪው ትውልድ ስለሚጠፋም ዛሬ የቆሙት ዛፎች ሲያረጁ ወራሽ የላቸውም። ከሳተላይት ሲታይ ደኑ አለ፤ ከሥሩ ሲታይ ግን መተካት አቁሟል።

እዚህ ላይ ጽሑፎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ቡና የደኑ መዳኛ ነው ይላል፤ ቡና ባይኖር ዛፉ ከመቆረጥ አይተርፍም ነበርና። ሌላው ወገን ደግሞ ቡና ደኑን ቀስ በቀስ ወደ ጥላ ዛፍ ማሳ እየለወጠው መሆኑን ያሳስባል። ክሪስቶፈር ሂላንደርና ስለሺ ነሞምሳ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት የጓሮ ቡና ማሳዎች እንኳ በዛፍ ላይ ለሚበቅሉ በርካታ ዕፅዋት መጠጊያ መሆናቸውን ማሳየታቸው፣ ልዩነቱ ያለው በመጠቀምና ባለመጠቀም መካከል ሳይሆን በአጠቃቀሙ ልክ ላይ መሆኑን ይጠቁማል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ መፍትሔውም የተወሰነውን የደን ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳይነኩ መተው፣ በሚለማው ክፍል ደግሞ በየሄክታሩ የተወሰኑ ተተኪ ችግኞች እንዲያድጉ ማድረግ ነው።

የሀዲያና የከምባታ ድርሻ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት፣ ያኔ ከምባታ ጠምባሮ ይባል በነበረው ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 502 ሰው ገደማ፣ በሀዲያ ዞን ደግሞ 343 ገደማ ይኖር ነበር፤ በካፋ ዞን ግን ቁጥሩ ከ83 አይበልጥም ነበር። ይህ ልዩነት የሰውን ፍሰት አቅጣጫ ያስረዳል። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ጋምቤላና ወደ ፓዌ ተወስደዋል፤ ከ1995 ዓ.ም. በኋላም በካፋው ዴቻ ወረዳ ሰፍረዋል። ከመርሐ ግብሩ ውጭም በቡና ለቀማ ወቅት ከሆሳዕናና ከዱራሜ መናኸሪያዎች ወደ ጅማና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዘው ወጣት ብዙ ነው፤ ከሄዱትም የተወሰኑት እዚያው መሬት አግኝተው ይቀራሉ። ሰፋሪውን በደን ጠላትነት መክሰስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አባቱ ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት ያለቀበት ወጣት የሄደው መንግሥት ወደመራው ወይም ኑሮ ወደገፋው ቦታ ነው።

የሀዲያና የከምባታ አገር የደኑ የጫና ምንጭ ብቻ ሳይሆን የመፍትሔ ትምህርት ቤትም ነው። የእንሰት ጓሮ በአሠራሩ ለደን ይቀርባል፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ብርብራውና ዝግባው ከላይ፣ እንሰቱና ቡናው ከመካከል፣ ጎመኑና ቅመሙ ከሥር ሆነው በደረጃ ይቆማሉ፤ የከብቱ ፍግና የረገፈው ቅጠልም ወደ አፈሩ ይመለሳል። በካፋ ደን በወንዝ ዳር በዘሩ የሚራባው የጫካ እንሰት፣ በሀዲያና በከምባታ ሴቶችና ወንዶች እጅ ከግንዱ ሥር በሚወጡ ችግኞች የሚባዛ ሰብል ሆኗል፤ ዝናብ ሲዘገይም ቤተሰብን አሻግሮ ያደርሳል። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከእንሰት ጋር የተያያዘ ኑሮ እንዳላቸው ይገመታል። ይህን ያህል ጥግግት ያለው ሕዝብ ለዘመናት በዚያው ተዳፋት ሊኖር የቻለው በዚህ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ ግን እየላላ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ማሳዎችን ያጠፋል፤ መሬት ሲጠብ ከብት ይቀንሳል፤ ከብት ሲቀንስ ፍግ ይጠፋል፤ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኙት ባሕር ዛፍና ጫትም ቦታውን ይወስዳሉ። የእንሰት ጓሮ አንድ ቤተሰብ መያዝ ባቃተው ቁጥር፣ የሚነሳው ሰው መድረሻ ብዙ ጊዜ የደኑ ዳርቻ ይሆናል። በመሆኑም የአጠውልግ ምርምር፣ ለአሲዳማ አፈር የሚቀርብ ኖራና ከእርሻ ውጭ ያለ የወጣቶች ሥራ በደን በጀት ውስጥ ባይጻፉም የደን ጥበቃ ሥራዎች ናቸው።

የጥበቃ መንገዶች

ደኑን ለመጠበቅ የተሞከሩት መንገዶች ቢያንስ አራት ናቸው። ጥንታዊው የማኅበረሰቡ ሥርዓት ነው፤ በካፋና በሸካ ኮቦ የሚባለው ልማድ ለአንድ ቤተሰብ በደኑ ክፍል ላይ ቀፎ የመስቀልና የመጠቀም መብት ይሰጥ ነበር፤ በሸካ ደግሞ በእምነት የተከለሉ ጫካዎችና ኮረብታዎች እንዳይቆረጡ ይጠበቁ ነበር። ሁለተኛው የመንግሥት ክልከላ ሲሆን፣ ከአዋጅ ቁጥር 192/1972 ጀምሮ በተከታታይ ሕጎች የተሞከረውና ጠባቂ በሌለበት ብዙም ያልሠራው ነው።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦንጋና በጭልሞ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነው፤ በዚህ አሠራር የደኑ ተጠቃሚዎች ማኅበር አቋቁመው ከመንግሥት ጋር በሚፈራረሙት ውል ደኑን እየጠበቁ ማሩን፣ ቡናውንና ቅመሙን ይጠቀማሉ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንን በባለቤትነት ደረጃ ማወቁ ለዚህ አሠራር የተሻለ መሠረት ሰጥቷል። አራተኛው የዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ነው፤ ካፋና ያዮ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012፣ መዠንግር በ2017 ተመዝግበዋል። አሠራሩ ቦታውን ከማይነካ ዋና ቀጠና፣ በመጠን ከሚለማ መከለያ ቀጠናና ሰው ከሚኖርበት የሽግግር ቀጠና የሚያዋቅር በመሆኑ፣ ከላይ ለተነሣው የቡና ክርክር ተስማሚ መልስ ይሰጣል፤ ዋናው ቀጠና በእርግጥ ሳይነካ ሲቀር።

ገበያም የራሱን ጫና ይዞ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ሕጉ ምንጠራን ሊገታ ይችላል፤ ሆኖም ማስረጃ ማቅረብ የማይችለው አነስተኛ ገበሬ ከገበያው እንዳይገፋ ማኅበራቱ የማሳቸውን ካርታ እንዲያዘጋጁ መታገዝ አለባቸው።

ከደኑ ርቆ የተገኘ ልምድም አለ። በወላይታ ሁምቦ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልሎ፣ በዋነኛነት ከመሬት ውስጥ ከቀሩ ጉቶዎች ያቆጠቆጡትን ዛፎች በመግረዝና በመጠበቅ መልሶ አልብሷል። ለሀዲያና ለከምባታ ተራሮች ይህ ቅርብና ርካሽ ትምህርት ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚጨምረው

አሮን ዴቪስ፣ ታደሰ ወልደማርያም ጎሌና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ለጫካ አረቢካ የሚስማሙ ቦታዎች በ2080 በተሻለው ግምት በ65 በመቶ ሊቀንሱ፣ በከፋው ግምት ደግሞ ሊጠፉ እንደሚቃረቡ ተንብየዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሌላ ጥናት ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ያለ ልዩ እርዳታ ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን ከፍ ያለው መሬት ለቡና እየተስማማ እንደሚሄድ አመልክቷል። ይህ ተስፋ የያዘው አደጋ አለ፤ ቡና ወደ ላይ ሲወጣ ዛሬ ከቡና ነፃ የሆነው ከፍተኛው ደን ቀጣዩ ምንጠራ ይደርስበታል። በአንጻሩ በዛፍ የተሞላው የሀዲያና የከምባታ የእንሰት ጓሮ ለዚህ ሽግግር የተዘጋጀ መሬት ሊሆን ይችላል።

የዘር ሀብቱ ዋጋም መታሰብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲታይ፣ ጅማ የሚገኘው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዓይነቶችን ለማግኘት የፈለገው በእነዚሁ ደኖች አካባቢ ካሉ ቡናዎች ነበር። ላርስ ሃይንና ፍራንዝ ጋትስቫይለር እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያን የደን ቡና የዘር ሀብት ከ420 ሚሊዮን እስከ 1.458 ቢሊዮን ዶላር ገምተውታል። ይህን ጥቅም የዓለም የቡና ኢንዱስትሪ በሰፊው ሲያገኝ፣ ደኑን ሳይመነጥር የሚጠብቀው ገበሬ ግን ከዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

የዳሰሳው ድምዳሜ

ከተቃኙት ጥናቶች በአንድነት የሚወጣው ነገር የጥፋትና የመታደስ ጊዜ እኩል አለመሆኑ ነው። በአንድ ትውልድ የተመነጠረ የቀረሮ ደን ተመልሶ በሙሉ አቋሙ እስኪቆም መቶ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ዘር ሰጪ ዛፍና ዘር አጓጓዥ እንስሳ ካልቀሩ ደግሞ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። የታመመ የእንሰት ጓሮ ግን ጤነኛ ችግኝ፣ ፍግና ኖራ ካገኘ በጥቂት ዓመታት ይታደሳል፤ የተራቆተ የከምባታ ተዳፋትም ሲከለል በአሥር ዓመት ውስጥ ይለብሳል። ስለዚህ የደን ጥበቃ ገንዘብና ዕውቀት በደኑ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ለውጥ ፈጥኖ ወደሚመጣበት ወደ እንሰቱ አገርም መፍሰስ አለበት። የካፋና የሸካ ማኅበራት በደኑ ላይ ያላቸው መብት ሲጸና፣ ዋናው ቀጠናም በእውነት ሳይነካ ሲቀር፣ የሆሳዕናና የዱራሜ ወጣት ደግሞ በአባቱ ቀዬ ወይም በከተማው የሚኖርበት ሥራ ሲያገኝ፣ ደኑን ከሁለት ወገን የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። ዛሬ በሁለት የተለያዩ ክልሎች ሥር ያሉት እነዚህ አካባቢዎች በከፊል በአንድ የኦሞ ተፋሰስ የተሳሰሩ ናቸውና፣ የቦንጋ የደን ዕቅድና የሆሳዕና የግብርና ዕቅድ ጎን ለጎን ተቀምጠው መታቀድ ይገባቸዋል።